አጎበር የተባለው አልበም

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ለከብት ክትባት ቁሐር ሚካኤል ልንወጣ ነበር፤ ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል፣ ሞተር ብስክሌት አያልፍም ተብሎ ቀረ። ቤት ዋልኩ። የጓሮውን ቦይ ጠረግሁ። አማከለች የተማሪ ዩኒፎርም ተደራርቦባት ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ምሳ እኔ ሠራሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ዝም ብላ በላች። ሚስት ማለት ይቺ ናት።

ከሰዓት መስከረም ከአዲስ አበባ ደወለች።

«አባዬ፣ ወጣ!»

«ምኑ?»

«አልበሙ ነዋ!»

እውነቱን ለመናገር እንደሚወጣም አላሰብኩም ነበር። ልጄ ቀን ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ጊታሯን ይዛ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ምድር ቤት ትገባለች። ስንት ጊዜ ነው «እየጨረስን ነው» ያለችኝ? ጨረሱት ማለት ነው። በቴሌግራም ላከችልኝ። ኔትወርኩ እየወደቀ እየተነሳ... ሰባት ዘፈን ለማውረድ ግማሽ ቀን።

ከፈትኩት። ሹውውውው... ስልኩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩ። ያው ሹውውው።

አማከለች ቀና ሳትል፣ «ምንድን ነው እሱ? የሩዝ መፈልፈያ ነው?» አለችኝ።

«ልጅሽ ናት።»

«ኧረ ወዲያ!»

ስሙ ደግሞ «አጎበር»። የወባ አጎበር! ለዘፈን እንዲህ ያለ ስም ይሰጣል? ስም ጠፍቶ?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ሞከርኩ። በኤርፎን፣ ጓሮ ዛፉ ሥር ተቀምጬ። ድምጿን ነበር የምፈልገው። ትንሽ ሆና በሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ለይቼ የምሰማው ድምፅ። አጣሁት። አለ... የለም... አለ ስል ተመልሶ ይሰምጣል። እንደ ወንዝ ጠጠር።

ደወልኩላት።

«መስኪ፣ ድምፅሽ የት ሄደ?»

ሳቀች። «ውስጥ ነው አባዬ። ከላይ አይደለም።»

ዓይነቱ ሹጌዝ ይባላል አለችኝ። ምን ማለት ነው? ጫማን አፍጥጦ ማየት እንደማለት ነው አለች። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ እግራቸው ሥር ያለውን የድምፅ መቀየሪያ እየረገጡ ስለሚጫወቱ የወጣላቸው ስም ነው። ሰው አያዩም? አያዩም። ታዲያ እኔስ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ምን ነበር የማደርገው?

«አትታገለው» አለችኝ በመጨረሻ። «ቃሉን አትፈልግ። ዝም ብለህ ግባበት።»

ምኑ ውስጥ ነው የምገባው?

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ቢሮ ውስጥ ለባልደረባዬ ለተገኘ አሰማሁት። ወጣት ነው፣ ሙዚቃ ያውቃል ብዬ። ትንሽ ሰማና ስልኬን አገላብጦ አየው። «ጋሽ ያየህ፣ ስፒከርዎ ውኃ ገብቶበታል መሰለኝ» አለኝ። የልጄ መሆኑን ስነግረው ደነገጠ። «አይ... ጥሩ ነው... ቀዝቀዝ ይላል» አለ።

አልተናደድኩም። እኔስ ያልኩት ይኸንኑ አይደል?

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ይህን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጉልበቴ ስላስቸገረኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄድኩ። ሰው ብዙ ነበር። አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ያቃስታል፣ ሁለት ጎልማሶች ስለ ሩዝ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። ሙቀቱ ሲይዘኝ ጆሮዬ ውኃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ተንጋለልኩ። ያን ጊዜ... ሁሉም ነገር አንድ ሆነ። ጸሎቱም፣ ጭቅጭቁም፣ የሚወርደው ውኃም። አንድም ቃል አይለይም፤ ግን ምንም አልጠፋም። የሰው ድምፅ መሆኑ ይታወቃል። ሰው መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። ተኝቼ ቀረሁ። አጠገቤ ያለው ሰው «ሰውየው ደኅና ነው?» ብሎ ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ።

ስወጣ ገላዬን እንኳ በደንብ ሳላደርቅ ኤርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። አንደኛውን ዘፈን ከፈትኩ።

ገባሁበት!

ሹውው የሚለው ነገር ጫጫታ አይደለም ለካ። ጊታር ነው። ጊታር ላይ ጊታር፣ እሱ ላይ የራሱ ገደል ማሚቶ፣ ማሚቶው ላይ ሌላ ማሚቶ... እየተደራረበ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ። ከዚያ ውስጥ ቀስ ብላ የእኔ ልጅ ትመጣለች። ድምጿ አልጠፋም። ተሸፍኖ ነው። ሲሸፍኑት ደግሞ እንዴት አድርገው! የተኛ ሰው ላይ ጋቢ እንደሚጣል፣ በቀስታ።

ወደ ቤት ስመለስ፣ መኪና ውስጥ እስከ ወረታ ድረስ እሱኑ ደጋግሜ ሰማሁ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ቁሐር ሚካኤል ደረስን፤ ሞተሩን ከመንገድ ዳር ትተን በእግር። የአቶ በላቸውን ላም ሆዷ ተነፍቶ አግኝተናት አከምናት። ዳነች። አስተናገዱን።

ስንመለስ ሜዳውን አየሁት። ዕድሜዬን በሙሉ የማየው የፎገራ ሜዳ። ሩዙ ለጋ ነው፣ ከሥሩ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ሰማይ። ጉሙ ሲወርድ የቱ ሰማይ የቱ ማሳ እንደሆነ አይለይም። ሁለተኛው ዘፈን ይኸው ነው። ቁጭ ነው! መስከረም ለዘፈኖቹ ስም አልሰጠቻቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ስለዚህ እኔ ሰጠኋቸው። ሁለተኛው «ጉሙ»። ሦስተኛው «ላሞቹ»፤ መሀሉ ላይ አንድ ጊታር ከሩቅ እንደምትጠራ ላም እምቧ... ይላል፣ ሌላው ይመልስላታል። አራተኛው ላይ የሆነ ከበሮ አለ፤ ከበሮ ነው? ፈጣን ነው፤ ይሮጣል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ደግሞ ይሮጣል። እሱን ገና አልሰየምኩትም።

አቶ በላቸው ኤርፎኑን አይተው «ምን እየሰማህ ነው?» ብለውኝ ነበር። አንዱን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማኅሌት ነው?»

«አይደለም አባቴ። የልጄ ዘፈን ነው።»

«እኔን ማኅሌት መሰለኝ። ሜዳ ላይ ሆነን የሩቅ ደብር ማኅሌት ነፋስ ሲያመጣው እንዲህ ነው። ቃሉ አይሰማም። ሰው ግን ቆብ ያወልቃል።»

ተገኘ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ስንመለስ «ያን ነገር ይላኩልኝ» አለኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሰባተኛው ዘፈን። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሰባተኛው ዘፈን!

ሐምሌ 27፣ እሑድ

አሁን ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ ማለት እችላለሁ። ይደንቀኛል። እኛ ያደግንበት ዘፈን ቃል ነው፤ ግጥሙ ካልተሰማ ዘፋኙ አልዘፈነም። እነዚህ ልጆች ግን ቃሉን ወደ ውስጥ አስገብተው የቀረውን አወጡት። የቀረው ምንድን ነው? ናፍቆት ልበለው? ናፍቆት ብቻ ቢሆን ያሳዝን ነበር። ይህ አያሳዝንም። ሰምቼ ስነሳ ቀለል ይለኛል። ከእንቅልፍ የሚነቁበት ዓይነት፣ ሕልሙ ጥሩ እንደነበረ ብቻ የሚታወስበት...

ሰባተኛው ላይ መጨረሻው አካባቢ መስከረም ዘፈኗን ትታ የሆነ ነገር ታንሾካሽካለች። ትዘረዝራለች። ስንት ጊዜ መለስኩት! አንዱ ቃል «ካኪ» ይመስላል። ካኪ? ካኪ እዚያ ምን ይሠራል? ጆሮዬ ነው።

ለአማከለች «አንድ ጊዜ ስሚው» አልኳት። «ቃሉ የማይሰማ ዘፈን ምኑ ይሰማል? ሥራ አለብኝ» አለች። ልጇ ስለሆነች ነው እንጂ የሌላ ቢሆን ከዚህም ትብስ ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ጉድ ሆነ ዛሬ።

ዝናብ ነበር። አማከለች ስፌት ላይ፣ እኔ ጥግ ይዤ የቢሮ ሪፖርት ሳዘጋጅ። ተገኘ ያዋሰኝን ትንሽ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አልበሙን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ምንም አላለችም። ለምዳዋለች መሰለኝ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ «ላሞቹ»... አራተኛው ገባ።

ክሩ አልቆባት ነው መሰለኝ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መኪናው ቆመ።

ድምፁ ግን አልቆመም።

የስፌት መኪናው ድምፅ ይቀጥላል። ይሮጣል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ደግሞ ይሮጣል። አማከለች እግሯን አየች። መንኰራኩሩን በእጇ ያዘችው። ቆሟል። ድምፁ አለ። ቀስ ብላ ወደ ስፒከሩ ዞረች።

«ይኼ የኔ መኪና ነው» አለች።

ሞኝ ነኝ! ከበሮ ነው እያልኩ! በየቀኑ የምሰማውን ድምፅ! ለካ መስከረም ለፋሲካ መጥታ ስልኳን ይዛ እናቷ አጠገብ ቁጭ ያለችው ይህን ለመቅዳት ነው። እኔ ፎቶ የምታነሳት ነበር የመሰለኝ።

ሳቅሁ። አማከለች አልሳቀችም። ስፒከሩን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አምስተኛውን ሰማች። ስድስተኛውን። ሰባተኛው ላይ መስከረም ስታንሾካሽክ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ስፒከሩን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። በሩን ዘጋችው። እኛ ቤት የጓዳ በር ተዘግቶ አያውቅም።

ምን ሰማች?

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

አልሰፋችም። ዛሬም። ዩኒፎርሙ ተከምሯል። መስከረም ደወለች፤ አማከለች ስልኩን አይታ ወደ እኔ ገፋችው። «አባቷን ታነጋግር» አለች። ተቆጥታ አይደለም። ምን ይሆን? ያሳመምኳት እኔ ልሁን?

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ለሥራ ወደ ይፋግ ወጣሁ። ከተማው ሳልደርስ ሞተሩን አቁሜ ለመስከረም ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳት።  

«አባዬ... እኔና ንብረት ታመን የተኛን ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

ንብረት።

ይኸው ጻፍኩት። በዚህ ደብተር ስሙ የለም፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን። ልጃችን ነው። የመጀመሪያችን። የጥቅምት ወባ ነው የወሰደው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። መስከረምም አብራው ታማ ነበር፤ እሷ ዳነች። ሐኪም ቤትም አድርሰነው ነበር፤ አልሆነም። በተቀበረ ማግስት አማከለች «ስሙን የሚጠራብኝ አይኑር» አለች። ማን ይጥራ? ጎረቤቱም እኛም ተውነው። አንድ ልጅ ብቻ እንዳለው ሰው ሆነን ኖርን።

መስከረም ብዙ ነገረችኝ። መንገድ ዳር ቆሜ፣ ዝናቡ እያካፋብኝ።

እናታቸው ሁለቱንም ከስፌቷ ሳትነሳ እንድታያቸው ሳሎን አንድ ትልቅ አጎበር ሥር አስተኝታቸው ነበር። ያን አስታውሳለሁ። ያላወቅሁት ከውስጡ የነበረውን ነው።

«ትኩሳቱ ሲነሳ ሁሉም ነገር በአጎበሩ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ዝናቡ፣ የእማዬ መኪና፣ አንተ በር ላይ ከጎረቤት ጋር ስታወራ። ቃል የለም፤ ድምፅ ብቻ። ነጭ ነው። ማንም አያምነኝም እንጂ አባዬ፣ ያምር ነበር። አልፈራሁም። እሱ አጠገቤ ነበር።»

አዲስ አበባ ከገባች በኋላ አንድ ጓደኛዋ ቤት ይህን ዓይነት ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ አልቅሳለች። ያን ድምፅ ሌላም ሰው ያውቀዋል ለካ ብላ። ጊታር የገዛችው በዚያው ወር ነው። ሙዚቃ የጀመረችው ለዚህ ነው፤ ያንን ከሰዓት በኋላ መልሳ ለመስማት።

«እማዬን ካመማት ከኢንተርኔት ላይ አነሳዋለሁ» አለችኝ። «እውነቴን ነው። ዛሬውኑ።»

«እንዳትነኪው!» አልኳት። ጮህኩ መሰለኝ። አህያ የሚነዳ ሰው ዞሮ አየኝ። «መስኪ፣ እኔ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ስለሆንሽ አይደለም። እንዳትነኪው።»

አለቀሰች። እኔም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

የፍልሰታ በዓል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አማከለች ቀድማኝ ገብታ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ስልኬን ይዛለች። ኤርፎን መጠቀም አታውቅበትም፤ ስልኩን እንደሚደወልለት ሰው ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ሹውው የሚለው ከውጭ ይሰማኛል። ስድስተኛው ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ትኩር ብላ ወለሉን እያየች። ሩቅ አገር ያለ ሰው የሚያወራት ነበር የሚመስለው።

አልገባሁም። ተመልሼ ጎረቤት ጠጅ ጠጣሁ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

መኪናው ተንኳኳ! ዩኒፎርሙን ጀመረችው። ስለ አልበሙ ምንም አላለችም። «ለመስቀል ትመጣለች?» ብቻ አለችኝ። ለመስከረም ነገርኳት። መንገዱ ሰላም ከሆነ እመጣለሁ አለች።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ገባች። ከስታ፣ ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ጊታሯን እንደ ሕፃን አዝላ። ጎረቤቱ ሁሉ ጊታሩን ሊያይ መጣ። አማከለች ሳመቻት። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን። ስለ ዘፈን አላነሳችም። ስለ ጸጉሯ ግን ብዙ አለች።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ዛሬ ተነጋገሩ።

ከሰዓት ነው፣ ደመራ ሳይለኮስ። መስከረም የድምፅ መቀየሪያዎቿን ወለሉ ላይ ዘርግታ ታሳየኛለች። ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ በእግር ይረገጣሉ። አንዷን ረገጠችና አንድ ክር ብቻ ነካች። ቤቱ ሞላ! አንዲት ክር! ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ እንደ ጢስ ተዘረጋ፣ ቆየ፣ ቆየ... ሲጠፋ እንኳ የት ላይ እንደጠፋ አይታወቅም። ልጄ አንገቷን ደፍታ እግሯን ታያለች። ጫማ የለባትም፤ በካልሲ ነች። እንዲህ ስትጫወት ነው ለካ ሰው የማታየው። ሌላ ነገር ስለምታይ ነው።

አማከለች ከስፌቷ ሆና ጠየቀቻት።

«መጨረሻው ላይ የምትዪው ምንድን ነው?»

መስከረም ጊታሩን በመዳፏ አፈነችው። እኔን አየችኝ።

«የጨርቅ ስም ነው እማዬ።»

«ሰምቻለሁ። ካኪ ትያለሽ፣ አቡጀዴ ትያለሽ። ለምን?»

«የንብረት ጨዋታ ነው።»

ስሙ ቤታችን ውስጥ ተጠራ። አማከለች አልሞተችም። እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቆየ።

«ከአጎበሩ ውስጥ አንቺን አናይሽም፤ መኪናውን ነው የምንሰማው። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት በጆሮዬ ይነግረኛል። ‹አሁን ካኪ ነው፣ ስሚ እያቃሰተ ነው።› ‹አሁን አቡጀዴ።› ‹ይኼ ሻሽ ነው፣ በረረ!› እኔ ደግሞ አይደለም ቴትሮን ነው እለዋለሁ። እንወራረዳለን። ማን እንዳሸነፈ አናውቅም፤ ተነስተን አናይ። ዝም ብለን እንስቃለን።»

«ትስቁ ነበር?»

«እንስቅ ነበር።»

«እሱም?»

«እሱማ ሆዱን ይዞ ነው እማዬ።»

አማከለች ከመኪናው ተነሳች። መሀል ቤት ደርሳ ቆመች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እኔ ከመኪናው ድምፅ የተነሳ የምትሉትን አልለይም ነበር። ጉም ጉም የሚል ነገር ነው ከውስጥ የሚሰማኝ። የሚያቃስት ነበር የሚመስለኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት... ልጄ አጠገቤ ሲያቃስት እኔ ስሰፋ...» አልጨረሰችውም።

መስከረም ተነስታ አቀፈቻት። «ሳቅ ነው እማዬ። የሰማሽው ሳቅ ነው።»

እኔ? እኔ የት ልግባ? ሳጥኖቹ መሀል ቆሜ ቀረሁ። አንዱን ረግጬው ኖሮ ጊታሩ ብቻውን ሁሉሉሉ... አለ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሳቁብኝ። እያለቀሱ ሳቁብኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ ደመራው ላይ ሄድን። ሦስታችንም።

መስከረም 18፣ እሑድ

ዛሬ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን። በስፒከሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርገን። ተገኘም ስፒከሩን ሊወስድ መጥቶ ተቀመጠ። አሁን አልበሙ ልቡ ውስጥ ገብቷል፤ ለከተማው ልጆች ሁሉ እሱ ነው ያደለው። «ጋሽ ያየህ፣ ይኼ እኮ ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ነው» ይለኛል፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

እኔ ግን ዛሬ ሰባተኛውን እንደ አዲስ ሰማሁት። ልጄ ያን ሁሉ ጊታር የከመረችው ሳቅ ለመደበቅ ነው? አይ፣ ለመደበቅ አይደለም። እንዳይሰበር ነው። ዕንቁላል ጭድ ውስጥ እንደሚቀመጠው። ስንት ሰው ይህን ያደርጋል? ከሞት አልጋ ሥር ሄዶ ሳቁን ብቻ መርጦ ይዞ የሚመለስ? እኔ ብዙ ጥሩ ዘፋኝ ሰምቼ ኖሬያለሁ። እንዲህ አላየሁም።

አማከለች ፍርዷን ሰጠች። «አራተኛው ጥሩ ነው፤ መኪናዬ አለበት። ሁለተኛው ጥሩ ነው። ስድስተኛው ትንሽ ረዘመ።»

«ረዘመ?» አለች መስከረም።

«ክር አባክነሽበታል። ቀጣዩን አሳጥሪው።»

ቀጣዩን! ልጅቷ ፊቷ በራ።

ከዚያ አማከለች ልጇን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠቻትና መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ሰፋች።

«ምንድን ነው?»

«ቴትሮን!»

«አይደለም። ካኪ ነው። ወንድምሽ ይሻል ነበር።»

ተገኘም ሞከረ። እኔም ሞከርኩ። አንዱንም አላገኘሁ።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ሸኘናት። አውቶቡሱ መስኮት ላይ አንገቷን አውጥታ «ጥቅምት ላይ ስሙን አስጠሩልኝ» አለች። ንብረት በቅዳሴ እንዲታሰብ ማለቷ ነው። አማከለች «እሺ» አለች። ሳታመነታ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ፀሐይ። ሩዙ ወደ ቢጫ ሄዷል። ጓሮ ሆኜ የዶሮ ቤቱን በር ሳበጅ ነበር።

አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። አገኘሁሽ ትባላለች፣ አዲስ መምህርት ናት፣ ከሌላ ዞን ተዛውራ የመጣች። የእኛን ነገር አታውቅም። አማከለች ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ስታነጋግራት በመስኮቱ ይሰማኛል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሙቀቱ። ከዚያ ሴትዮዋ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቀቻት።

«ልጆች አሉሽ?»

መዶሻዬን አነሳሁት እንጂ አልመታሁም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ? መልሱንም። «አንዲት ልጅ አለችኝ።» ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

«ሁለት ወለድኩ» አለች አማከለች። «ሴቷ አዲስ አበባ ናት፤ ሙዚቀኛ ናት። ወንዱ አርፏል። ንብረት ይባላል።»

«ውይ... ነፍስ ይማር። ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

 የወንበር ድምፅ ሰማሁ። አማከለች ቁጭ አለች።

«ሳቂታ» አለች።

ከዚያ ማውራት ጀመረች። ሩዝ ማሳ ውስጥ ሲሯሯጥ ወድቆ በጭቃ ተለውሶ የመጣ ቀን። ከአጎቱ በቅሎ ጋር የተጣላ ቀን። እኔ የረሳሁት፣ ጭራሽ የማላውቀው ነገር። ሴትዮዋ ትስቃለች። አማከለች ትስቃለች። እኔ ጓሮ ቆሜ፣ መዶሻ ይዤ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። መምህርቷ ደንግጣ ተነሳች፤ ሳይመሽ ከጎረቤት ልጅ የምትቀበለው የቤት ቁልፍ ነበራት። ሄደች።

ገባሁ። ሜትሩ አሁንም አማከለች አንገት ላይ ነው።

«ለካሻት?» አልኳት።

«አይ፣ ረሳነው» አለች። «ነገ ትመጣለች።»